የአቶ ጥላዬን አፍ ማን ይዋስ

በአንድ ወቅት፣ ሐይቅ ዳር በምትገኝ አንዲት ከተማ፣ የሰው አፍ የሚዋሱበት ቤት ነበር።

ቤቱ የአቶ ጥላዬ ነው። ከመናኸሪያው ጀርባ ያለ፣ ሰው አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድሮ ኳስ የሚያይበት አዳራሽ ነው። ጣሪያው ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ እስከ ወፍጮ ቤቱ ድረስ ይሰማል። አቶ ጥላዬ ከጎልማሳነታቸው ጀምሮ የከተማዋን ጨዋታ በማይክ ያስተላልፋሉ። ሠርግ ሲኖርም፣ በግ ሲጠፋም የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ድምፃቸው እንጀራቸው ነው።

በዚህ ቤት በየዓመቱ ፋንታሲ የሚባል የኳስ ግምት ውድድር ይደረጋል። የውጭ አገሩ ሳይሆን የራሳችን የዞን ሊግ ነው። ከአንድ ቤተሰብ አንድ ቡድን ይመዘገባል፤ ቡድኑ የሚኖረው ወረቀት ላይ ብቻ ነው። የመረጥከው ተጫዋች እውነተኛው ሜዳ ላይ የሠራው ሁሉ ለአንተ ነጥብ ይሆናል። ነጥቡን በየሳምንቱ ሰሌዳው ላይ የምጽፈው እኔ ነኝ። ጽሑፌ ከሩቅ ይነበባል ተብዬ ነው የተመረጥኩት፤ ሌላ ችሎታ የለኝም።

ለአሸናፊው ዋንጫ አይሰጥም። አፍ ይሰጣል። አሸናፊው ከተወዳዳሪዎቹ አንዱን ይመርጣል፤ የተመረጠውም ማይኩ ፊት ቆሞ አሸናፊው ያቀበለውን አንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ይናገራል። «አፍ መዋስ» ይባላል። ሕጉ አጭር ነው፦ አንድ አፍ፣ አንድ ተዋሽ፣ አንድ ቃል። አፉን ያዋሰ ሰው የተሰጠውን ቃል ሦስት ጊዜ ሳይል በማይክ ሌላ ነገር አይናገርም። እምቢ ያለ ከቤቱ ይወጣል።

ብዙ ጊዜ ለሳቅ ነበር። አንድ ዓመት ሥጋ ቤት ያለው ሰውዬ «ሚዛኔ ወደ እኔ ታዳላለች» እንዲል ተደረገ። ሌላ ዓመት ደግሞ አንድ የጂኦግራፊ መምህር «ኳስ አላውቅም፤ የማውቀው መጮህ ነው» አሉ፤ ሦስት ጊዜ፣ ክራቫታቸውን እንዳሰሩ። ባለፉት ስድስት ዓመታት ግን ያሸነፉት አቶ ጥላዬ ራሳቸው ናቸው። ስለዚህ የእሳቸውን አፍ የተዋሰ ሰው አልነበረም።

አሁን ስለ ጋሽ ዘርጋው ልንገራችሁ።

ጋሽ ዘርጋው የከተማዋ ቡድን አምበልና የመሃል ተከላካይ ነበሩ። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት በዞኑ የፍጻሜ ጨዋታ፣ ሁለቱም ቡድን ሳያገባ፣ ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው፣ የእንግዶቹ አጥቂ ኳሱን ይዞ መጣባቸው። ጋሽ ዘርጋው ሊዞሩ ሲሉ ቀኝ ጉልበታቸው ከዳቸውና በጎናቸው ተዘረሩ። አጥቂው አልፏቸው አገባ።

አቶ ጥላዬ ማይኩን ይዘው ነበር። «ዘርጋው» አሉ፣ ትንሽ ቆዩና፣ «ዘርጋው ምንጣፍ ዘረጋለት። ና ግባ አለው። ስንት ተቀብሎ ይሆን?»

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ስቄያለሁ። የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ቀልዱ ገብቶኝ መሳቄ ራሱ ደስ ብሎኝ ነበር።

በማግስቱ ልጆች መንገድ ላይ «ምንጣፍ ዘርጋው» እያሉ ተከተሏቸው። ስሙ ራሱ ለተረብ የተመቸ ነው፤ ስምም ነው፣ ትእዛዝም ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር እናት ልጇን የምታዘው በዚያው ቃል ነው። ጉልበታቸው ከጨዋታው በፊት ጀምሮ አብጦ እንደነበር፣ አምበል ነኝ ብለው ደብቀው እንደተሰለፉ ሐኪም ጽፎላቸው ነበር። የሐኪም ወረቀት ግን በማይክ አይነበብም። ጋሽ ዘርጋው ከዚያ በኋላ በአቶ ጥላዬ ቤት ፊት አልፈው አያውቁም። ገበያ ሲወጡ በወፍጮ ቤቱ በኩል ይዞራሉ፤ እያነከሱ፣ ሃያ ሁለት ዓመት።

ሦስት ልጆች አሏቸው።

የመጀመሪያው ንጋቱ ነው፤ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ይሠራል። ያን ጊዜ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር። በዚያው ዓመት ለፈተና ሲመዘገብ በአባቱ ፈንታ የአያቱን ስም አስገባ። ዛሬም ጠረጴዛው ላይ ያለው ስም «ንጋቱ ወልዴ» ይላል። ሲጠየቅ «መዝጋቢዎቹ ተሳስተው ነው» ይላል። አልተሳሳቱም።

ሁለተኛዋ ውዴነሽ ናት፤ ልብስ ሰፊ። የሊጉን ግማሽ ማልያና ቁምጣ የምታጠብብና የምታሳጥር እሷ ናት። በአሥራ ሁለት ዓመቷ በየምሽቱ የአባቷን ጉልበት በሙቅ ጨርቅ የምትጠቀልለው እሷ ነበረች። ሃያ ሁለት ሲሞላት ሽማግሌ የላከ አንድ ቤት ሽማግሌዎቹን መልሶ ጠራ። «አባት ጨዋታ ከሸጠ ልጅ ምን ትሸጥ ይሆን» ተብሎ ነው። ይህንንም የሰማነው ሁላችን ነን፤ እሷ ግን በመጨረሻ ሰማች።

ሦስተኛው ተረፈ ነው፤ ባጃጅ ይነዳል። ያን ጊዜ የአራት ዓመት ልጅ ነበር። የራሱን ስም በቅጡ ሳይለምድ የአባቱን ስድብ ለመደ። ለስድቡ የተማታበትን ቀን ቁጥር አያውቀውም፤ ሁለት ጥርሱ ግን የሉም።

እነዚህ ሦስት ልጆች ተማማሉ። «ስሙ በጠፋበት ማይክ ስሙን እናስመልሳለን» ተባባሉና አንድ ቡድን አስመዘገቡ። የቡድኑን ስም ልጽፍ ጠመኔ ይዤ ስጠብቅ ውዴነሽ «ምንጣፍ ብለሽ ጻፊ» አለችኝ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ጥሩ አድርገሽ ጻፊው። ከሩቅ ይነበብ።»

አቶ ጥላዬ ሰሌዳውን አይተው ሳቁ። «ጎበዞች። አባት ያወረሰውን ማን ይጥላል?» አሉ። ከሦስት ወር በኋላ ግን በየሳምንቱ በማይክ «ምንጣፍ፣ ሁለተኛ» ብለው ማንበብ ግድ ሆነባቸው፤ ሳቁም ቀረ።

የመጨረሻው ሳምንት ደረሰ። በዚያ ቤት የመጨረሻው ሳምንት የራሱ ሕግ አለው፦ አጥቂ አይቆጠርም፤ ነጥብ የሚያመጡት ሦስት ተከላካዮች ብቻ ናቸው። ይህን ሕግ ያወጡት አቶ ጥላዬ ናቸው። «ተከላካይ ግድግዳ ነው፤ ግድግዳ ደግሞ አይሮጥም» ይላሉ። እውነቱን ለመናገር፣ መሪው እሳቸው ስለሆኑ በመጨረሻው ሳምንት ማንም ሮጦ እንዳይደርስባቸው ነው። ተከላካይ ግብ ሳይቆጠርበት ከወጣ አራት ነጥብ ያገኛል፤ በተቆጠረበት በእያንዳንዱ ግብ አንድ ይቀነስበታል፤ ራሱ ካገባ ስድስት ይጨመርለታል። ልጆቹ በአሥራ ሁለት ነጥብ ይበለጡ ነበር። ከግድግዳ አሥራ ሁለት ነጥብ ማን አውጥቶ ያውቃል?

አቶ ጥላዬ ዓርብ ጠዋት፣ እንደ ልማዳቸው፣ የራሳቸውን ዝርዝር ቀድመው ለጠፉ። አናቱ ላይ ግርማቸው አለ፤ የከተማችን ቡድን የመሃል ተከላካይ፣ በዚያ ዓመት በሊጉ ከሁሉ ጥቂት ግብ የተቆጠረበት ሰው። ግርማቸውን ያልመረጠ የለም።

ንጋቱ ደብተር ነበረው። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ አንድ ሳምንት ሳይዘል፣ እያንዳንዱ ተከላካይ ከማን ጋር፣ በዝናብ ወይስ በደረቅ፣ በሜዳው ወይስ በሰው ሜዳ እንደተጫወተ ጽፏል። ሌላው ሰው የሚያየው ስንት እንደተቆጠረበት ነው። ንጋቱ የሚያየው ስንት ጊዜ ሊቆጠርበት ይገባ እንደነበር ነው። «ኳስ የማይደርስበት ተከላካይ ንጹሕ ቢሆን ምን ይገርማል?» ይላል። በዚህ ዓይኑ ከሊጉ መጨረሻ ላይ ካለው ቡድን አድማሱ የሚባል ሰው አወጣ።

«ይኼ ቡድን ሠላሳ አራት ግብ ነው የገባበት» አለው ተረፈ። «ደብተርህ ታሟል እንዴ?»

«አድማሱ ግማሹን ዓመት አልነበረም፤ ወባ ይዞት ነበር። እሱ በተሰለፈባቸው ሰባት ጨዋታዎች ሁለት ብቻ ነው የገባው። ሠላሳ ሁለቱ የሌሎቹ ነው።»

አድማሱ ገባ። ሁለተኛ ግርማቸው፣ ሦስተኛ ደግሞ አንድ የታወቀ ሰው ተጻፈ። ከከተማው ሁሉ አድማሱን የመረጠ ንጋቱ ብቻ ነበር።

ውዴነሽ ደብተር የላትም። የእሷ ዓይን ጨርቅ ላይ ነው። ዓርብ ከሰዓት ግርማቸው ሱሪ ሊያሳጥር መጣ። ተንበርክካ ስትለካው ክብደቱን ሁሉ ወደ ግራ እግሩ ጣለ። ሜትሯን በቀኝ ጉልበቱ ዙሪያ አዞረችና ከግራው ጋር አስተያየች፤ በሁለት ጣት ይበልጣል። ሱሪ ለማሳጠር ጉልበት አይለካም። እሱም ይህን አወቀ።

«ደህና ነኝ፣ እትዬ» አላት ቶሎ ብሎ። «ለማንም እንዳትነግሪ። እሁድ ካልተሰለፍኩ ውሌን አያድሱልኝም።»

«እኔ የለካሁት ሱሪህን ነው» አለችው።

ያን ጉልበት ታውቀዋለች። በአሥራ ሁለት ዓመቷ በእጇ ይዛዋለች። እስኪከዳ አንድ መዞር ብቻ እንደቀረው ታውቃለች። የግርማቸው አሰልጣኝ በየቀኑ በሱቋ በር ያልፋል፤ በዚያን ቀንም አልፏል፤ ሰላም ብቻ አለችው። ከዚያ ወንድሞቿን ጠርታ ዝርዝሩ ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«ይኼን አውጡት። በእሱ ፈንታ ታፈሰ ይግባ።»

«ታፈሰ ማነው? ያ አጭሩ ተከላካይ?» አለ ንጋቱ። «ደግሞ ግርማቸው ለምን ይወጣል?»

«ታፈሰ ቁምጣው በሁለቱም በኩል እኩል ነው የሚያልቀው። እኩል የሚቆም ሰው ነው። ግርማቸውን አውጡት ብያለሁ።»

«የስድስት ዓመት ደብተር በአንድ ቁምጣ ይሰረዛል?»

«ይሰረዛል።»

እስክርቢቶውን ከእጁ ወስዳ ራሷ ሰረዘችው። ከከተማው ሁሉ ግርማቸውን ያወጣች እሷ ብቻ ነበረች።

ተረፈ ያለው ጆሮ ነው። ባጃጅ ውስጥ ሰው ሹፌሩን እንደያዘው መሪ ዕቃ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ የሚሰማ አይመስለውም። ቅዳሜ ጠዋት ወደብ የሚባለውን ቡድን አሰልጣኝ ጭኖ ሲሄድ አሰልጣኙ በስልክ እንዲህ አለ፦ «መቺያችን በቢጫ ታግዷል። ፔናሊቲ ከተገኘ ኤልያብ ይምታ። አዎ፣ ተከላካዩ። ልምምድ ላይ አንድም አልሳተም። ነገር ግን በረኛቸው እንዳያውቅ።» ስልኩን ዘግቶ በመስታወቱ ተረፈን አየው።

«አንተ፣ ጆሮህን ዝጋ።»

«ተዘግቷል፣ አሰልጣኝ። ወንድ በቃሉ ነው።»

ዝርዝር የሚዘጋው ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ነው። ንጋቱ ሥራ ስለነበረው ወረቀቱን አጥፎ ለተረፈ ሰጥቶት ነበር። ተረፈ ደጃፌ ላይ ቆሞ ወረቀቱን ዘረጋ፣ ንጋቱ የጻፈውን ሦስተኛ ስም ሰረዘ፣ ኤልያብ ብሎ ጽፎ ሰጠኝ።

«ወንድምህ ያውቃል?» አልኩት።

«ሰኞ ያውቃል።»

ከከተማው ሁሉ ኤልያብን የመረጠ እሱ ብቻ ነበር።

እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ሁሉም ጨዋታ ተጀመረ። አድማሱ ያለበት ቡድን በሰው ሜዳ ዜሮ ለዜሮ ወጣ፤ አራት ነጥብ። ታፈሰም ግብ ሳይቆጠርበት ወጣ፤ አራት። ወደብ ፔናሊቲ አገኘና ኤልያብ አገባ፤ በቡድኑ ላይ አንድ ስለገባ አምስት። በድምሩ አሥራ ሦስት።

ግርማቸው የተጫወተው እዚሁ እኛ ሜዳ ላይ ነው። ማይኩን አቶ ጥላዬ ይዘዋል፤ ውዴነሽ ከሦስት ሰው ወዲያ ቆማለች። አንድ ገባበት። ሁለት ገባበት። በሰባኛው ደቂቃ አጥቂው ብቻውን መጣበትና ግርማቸው ሊዞር ሲል ጉልበቱ ከዳው። በጎኑ ተዘረረ። አጥቂው አልፎት አገባ።

አቶ ጥላዬ ነጥባቸው ሲሄድ እያዩ ነበር። ንዴት አፋቸውን ቀደማቸው። «ምንጣፍ ዘረጋለት» አሉ በማይክ። «ሌላ ምንጣፍ ዘርጋው መጣብን።»

ሜዳው ያን ስም እየተቀባበለ ጮኸ። ዞሬ ውዴነሽን አየኋት። ፊቷ ላይ ደስታ ነበር። ግርማቸው ግን አልተነሣም። አራት ሰው ተሸክሞ አወጣው፤ ሲያልፉ እጁን ዓይኑ ላይ አድርጎ ነበር። ያኔ ደስታው ከፊቷ ላይ ሄደ፤ ወዴት እንደሄደ ግን አላውቅም።

የአቶ ጥላዬ ተከላካዮች ያመጡት ተደምሮ ዜሮ ሆነ። ልጆቹ በአንድ ነጥብ አሸነፉ። ሦስት ጊዜ ደመርኩት። ከሦስቱ ስሞች አንዱ ባይኖር ኖሮ ተሸንፈው ነበር።

አፍ የሚዋሱት ከሳምንት በኋላ ቅዳሜ ነው። የማንን አፍ እንደሚዋሱ ማንም አልጠየቃቸውም፤ የአቶ ጥላዬን ነው። የተጠየቁት ማን ይዋስ የሚለውን ነው፤ ሕጉ ለአንድ ሰው ነውና። እዚህ ላይ ተጣሉ፤ የእያንዳንዳቸው ቃል ለየብቻ ስለነበር።

ንጋቱ እንዲህ አለ፦ «እኔ የምሰጠው ቃል ይህ ነው፤ ‹ዘርጋው ጨዋታ አልሸጠም፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ።› ሌላ አልፈልግም። ስድስት ዓመት በየሳምንቱ የጻፍኩት ለዚህች ዓረፍተ ነገር ነው። እዚህ ያደረሰን ደብተሩ ነው።»

«ስሙን አንተ አይደለህ እንዴ ቀድመህ የጣልከው?» አለችው ውዴነሽ። «የወልዴ ልጅ፣ ስለ ዘርጋው ምን አገባህ?»

«ስለጣልኩት ነው ማንሳት ያለብኝ» አለ።

ውዴነሽ እንዲህ አለች፦ «የእኔ ቃል ‹ከዛሬ ጀምሮ ምንጣፍ የምባለው እኔ ነኝ፤ ርገጡኝ› የሚል ነው። ይቅርታ ለሰማው ሰው ሁሉ አይደርስም፤ ስም ግን ይደርሳል። ስሙ ከአባቴ ላይ የሚወርደው ሌላ ሰው ላይ ሲወጣ ብቻ ነው። እኔ የዚያን ስም ዋጋ ከፍያለሁ። ግርማቸውን ባላወጣው ኖሮ ደግሞ ዛሬ የምንከራከርበት ነገር አይኖርም ነበር።»

«ጉልበቱን አውቀሽ ነበር ማለት ነው» አለ ንጋቱ ቀስ ብሎ። «እና ዝም አልሽ።»

«ጥላዬ መርጦት ነበር።»

«አባታችን ላይ የደረሰውን በሌላ ሰው ልጅ ላይ...»

«አውቃለሁ ያደረግኩትን» አለች። «በየቀኑ ሾርባ ይዤ እየሄድኩ ነው። ለምን እንደምመጣ አያውቅም። እትዬ፣ እግዜር ይስጥሽ ይለኛል።»

ተረፈ እንዲህ አለ፦ «እኔ ምንም ቃል አልሰጠውም። ሕጉን አንብቡት። አፉን ያዋሰ ሰው የተሰጠውን ቃል ሦስት ጊዜ ሳይል በማይክ ሌላ አይናገርም። ቃል ካልሰጠሁትስ? እንደተዋስኩት ይቀራል። ሃያ ሁለት ዓመት አልልም፤ እስኪበቃኝ። አባቴ በወፍጮ ቤት በኩል እንደሚዞረው፣ እሱም ማይኩን በሩቁ ይዙረው።»

«ሰውየው የሚበላው በዚያ ነው» አለ ንጋቱ።

«እኛስ የምንበላው በምን ነበር? እማዬ በስሙ ዱቤ ተነፍጋ ከገበያ ባዶ እጇን ስትመለስ የት ነበርክ? ኤልያብን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንተ ጽፈኸው የነበረው ሰው ሁለት ገብቶበታል፤ ሄደህ ሰሌዳውን እይ።»

«ለአሰልጣኙ የሰጠኸውን ቃል በልተህ ነው የጻፍከው።»

«በልቻለሁ» አለ ተረፈ። «ከዚያ ወዲህ እሱ ባጃጄ ላይ አይወጣም፤ ለሌሎችም ነግሯቸዋል። ዋጋዬን እኔም እየከፈልኩ ነው።»

መስማማት ሲያቅታቸው አባታቸው ዘንድ ሄዱ። ጋሽ ዘርጋው ጓሮ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ፀሐይ ያስመቱ ነበር። ሦስቱም ቃላቸውን ነገሯቸው። ጋሽ ዘርጋው መቀመጫቸውን ወደ ፀሐዩ አስጠጉ።

«ሰው ስሙን ሲጠሩት ዞር ብሎ ያያል» አሉ በኋላ። «እኔን የሰለቸኝ ዞሮ ማየቱ ነው።»

«እና ለማን ይሁን፣ አባዬ?» አለ ተረፈ።

«ሦስታችሁም የእኔ ናችሁ። ለአንዳችሁ ብፈርድ የሁለቱን ጨዋታ ሸጥኩ ማለት ነው። ያኔ ጥላዬ እውነት ይሆናል።» ቀጥለውም፦ «ለመሆኑ ያ ልጅ፣ ግርማቸው፣ ቀኙን ነው ግራውን?»

«ቀኙን» አለች ውዴነሽ።

«ቀኙን» አሉ፤ እጃቸውም የራሳቸው ቀኝ ጉልበት ላይ አረፈ።

ዓርብ ወደ ማታ፣ ገና ሳይጨልም፣ አቶ ጥላዬ እኔ ቤት መጡ። አፉን የሚዋሰውን ሰው ስም ሰሌዳው ላይ የምጽፈው እኔ እንደሆንኩ ያውቃሉ፤ ልጆቹ ካልተስማሙ የመዝጋቢዋ ቃል ይጸናል፤ ይህም በራሳቸው እጅ የተጻፈ ሕግ ነው። የሦስቱም ቃል ጆሯቸው ደርሷል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ሰማሁት።

«የትልቁን ጻፊ፣ እህቴ። እውነቱን እናገራለሁ። ‹ዋሸሁ› እላለሁ፤ ግድ የለም። አፌን ግን እንዳይወስዱብኝ። በስድሳ አራት ዓመቴ ምን ሠርቼ እበላለሁ?»

«ጋሽ ዘርጋው ጉልበታቸውን ያማቸው እንደነበር ያውቁ ነበር?» አልኳቸው።

«አላውቅም ነበር። ማወቅም አልፈለግኩም። ያን ቀን ቀልድ ነበር፣ እህቴ። አንቺም ስቀሻል፤ ከእኔ ሁለት እርምጃ አጠገብ ነበርሽ።»

ተነሥቼ በሩን ከፈትኩላቸው።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። አዳራሹ ሞልቶ ሰው ደጅ ድረስ ቆሟል። አቶ ጥላዬ ማይኩ ፊት ናቸው፤ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸዋል። «አፌ ይኸውና» ብለው ሊቀልዱ ሞከሩ፤ የሳቀ የለም። ንጋቱ ደብተሩን በብብቱ ይዟል። ውዴነሽ ከሆስፒታል ነው የመጣችው፤ ባዶ የሾርባ ዕቃዋ እጇ ላይ ነው። ተረፈ በሩን ተደግፏል፤ ዓይኑን ከማይኩ ላይ አልነቀለም።

«ጻፊ እንጂ» አለችኝ ውዴነሽ። «ከሃያ ሁለት ዓመት በላይ አንጠብቅም።»

«ጊዜዋን ትውሰድ» አለ ንጋቱ።

«ለእኔ ችግር የለም» አለ ተረፈ። «እስክትጽፍ ድረስ እሱ ዝም ማለቱ አይደል?»

ደብተር የያዘው ባይኖር ከመሪው አጠገብ አይደርሱም ነበር፤ እሱ ግን የአባቱን ስም ቀድሞ የጣለ ነው። ጉልበቱን ያየችው ባትኖር ድሉ ለጥላዬ ይሄድ ነበር፤ እሷ ግን አንድ ልጅ ሲሰበር እያወቀች ዝም ያለች ናት። ጆሮ ያለው ባይኖር አንዲቷ ነጥብ አትገኝም ነበር፤ እሱ ግን ቃሉን በልቶ ያመጣት ናት። አንዱ እውነትን ይሻል፣ አንዷ ስሙን ልታሻግር፣ አንዱ ዝምታን። ሦስቱም የዘርጋው ልጆች ናቸው። እኔ ከሳቁት አንዷ ስለሆንኩ ፍርዴን አላምነውም።

እናንተ በዚያ ሜዳ አልነበራችሁም፤ አልሳቃችሁም። እስቲ ፍረዱ፦ የአቶ ጥላዬን አፍ መዋስ የሚገባው ከሦስቱ ለማን ነው?